ኒካሕ ይፈታል፣ ልጅ አይፈታም



የዛሬው የጁሙዓ መልእክታችን ልጅ ኖሯቸው ለተፋቱ ወላጆች ነው። ሽማግሌ ሆናችሁ የምትቀመጡትንና የልጅ ልጅ የምታሳድጉትንም ይመለከታል።

ፍቺ በዲናችን የተፈቀደ ነው። የሚያበቃው ግን በባልና በሚስት መካከል ያለው ኒካሕ ብቻ ነው። አባትነት ዒዳ የለውም፤ ሦስት ወር ተቆጥሮ አያልቅም። እናትነትም እንደዚሁ።

በኢማሙ ማሊክ ሙወጠእ የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዓሲም የተባለ ልጅ የወለደችላቸውን አንሷሪይ ሚስታቸውን ፈቱ። አንድ ቀን ወደ ቁባእ ሲሄዱ ዓሲምን በመስጂዱ ግቢ ሲጫወት አገኙት፤ ክንዱን ይዘውም ከፊታቸው አስቀመጡት። የልጁ ሴት አያት ደረሰችባቸውና ተከራከሩ። ጉዳዩ ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ) ዘንድ ደረሰ። ዑመር ልጄ ነው አሉ፤ እሷም ልጄ ነው አለች። አቡበክር ለአያቲቱ ፈረዱ። ዑመርም አንዲት ቃል አልመለሱም።

ልብ በሉ! ያ ሁሉ ክብር ያላቸው ሰው ናቸው። አባት መሆናቸውን የካደ የለም። ነገር ግን የልጁ ጥቅም ሲመዘን ዝም ብለው ፍርዱን ተቀበሉ። ዛሬ ከእኛ መካከል ስንቱ ነው እንዲህ የሚያደርገው?

ሁለት ንግግሮች ተለምደዋል። አባት «ልጄን ካላሳየችኝ ብር አልሰጥም» ይላል። እናት «ብር ካልሰጠ ልጁን አያያትም» ትላለች። ሁለቱም ስህተት ነው። ቀለብ ልጅን ለማየት የሚከፈል ዋጋ አይደለም፤ የልጁ ሐቅ ነው። አባቱን ማየትም የልጁ ሐቅ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 የአጥቢ እናትን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ጥሎ፣ እናትም አባትም በልጃቸው ሰበብ እንዳይጎዱ ከልክሏል። አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ወደ ቃዲ ይሂድ እንጂ በልጁ አይበቀል።

እናት ሌላ ባል ስታገባስ? በሐዲሥ እናት እስካላገባች ድረስ ለልጇ ቅድሚያ እንዳላት ተነግሯል። ስታገባ ግን ብዙዎቹ ዑለማዎች ቅድሚያውን የሚሰጡት ለእናቷ፣ ማለትም ለሴት አያቱ ነው። ስለዚህ «አግብታለች» ብሎ ልጅን ከእቅፏ ነጥቆ ለእንጀራ እናት ማስረከብ በሰው ፍላጎት የሚወሰን ነገር አይደለም።

በአገራችንም መንገዱ ክፍት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ካልተስማሙ መደበኛው ፍርድ ቤት በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ያየዋል። አንቀጽ 36 ደግሞ ፍርድ ቤቶች የሕፃኑን ደህንነት እንዲያስቀድሙ ያዛል። የሸሪዓ ፍርድ ቤትን በፈቃዳችን መርጠን ሲፈረድብን ወደ ሌላው ደጅ መሮጥ ከሙስሊም አይጠበቅም።

ሽማግሌ ያስታረቀውንም በጽሑፍ አስፍሩት። አላህ ብድርን እንኳ እንድንጽፍ አዞናል፤ የልጅ ጉዳይማ እንዴት በቃል ይቀራል? የቀለቡ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ልጁ ከአባቱ ጋር የሚውልበት ቀን፣ የትምህርት ቤትና የሕክምና ወጪ፣ ዒድን የት እንደሚያሳልፍ ይጻፍ።

ጎንደር ውስጥ ከአራዳ አዲስ ዓለም ሩቅ አይደለም። መንገዱን የሚያረዝመው ቂም ነው።

እናም ዛሬ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ፣ ያልከፈልከው ቀለብ ካለ ክፈል። ልጁ አንቺ ዘንድ ከሆነ አባቱን ሰላም እንዲል ላኪው። አያቶችም በልጁ ፊት አባቱን ወይም እናቱን አትስደቡ፤ የምትሰድቡት ግማሽ እሱን ነው።

አላህ በመለያየታችን ውስጥም ተቅዋን ይስጠን፤ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን!

ጁሙዓ ሙባረክ!