መመርመር የሐኪሙ፣ መምረጥ የሕመምተኛው

ሰው ሕመሙን ጠንቅቆ የማወቅ ግዴታ አለበትን? ካወቀስ በኋላ የተገኘለትን ሕክምና ሁሉ መቀበል ይገባዋልን? ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መስለው ቢታዩም የተለያዩ ናቸው። ልዩነታቸውንም፣ ደም ከልብ ወደ ሳንባ የሚያደርሱ ቧንቧዎች እየጠበቡ ግፊቱ የሚበረታበትና ቀኙ የልብ ክፍል ቀስ በቀስ የሚደክምበት ሕመም በግልጽ ያሳየናል።

ምልክቱ የትንፋሽ ማጠርና ድካም ስለሆነ ከሌሎች ሕመሞች ጋር በቀላሉ ይምታታል። የልብ አልትራሳውንድ ጥርጣሬን ያስነሣል፤ ቁርጡ የሚታወቀው ግን ቀጭን ቱቦ በደም ሥር በኩል በቀኙ ልብ አልፎ ወደ ሳንባ ቧንቧ ሲገባና ግፊቱ ሲለካ ነው። ምርመራው መጠነኛ አደጋ ካለው፣ ሕመምተኛውን ማስጨነቅ ስለ ምን ያስፈልጋል? የግፊቱ መንሥኤ የግራ ልብ ድካም ከሆነ፣ ለዚህ ሕመም የተሠሩት መድኃኒቶች ሊጎዱት ይችላሉ። በሌላ ምርመራ የረጋ ደም መንሥኤ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ሊፈውሰው ይችላል። እንግዲህ ሳይለኩ ማከም ርኅራኄ ቢመስልም በሰው ሕይወት ላይ ዕጣ መጣጣል ነው።

ከልኬቱ በኋላ ምርጫው ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በጽኑ የታመሙ 81 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትሏል። ከተለመደው ሕክምና ጋር ኢፖፕሮስተኖል የተባለ መድኃኒት ከተሰጣቸው 41 ሰዎች አንድም አልሞተም፤ ከቀሩት 40 ግን 8 ሞቱ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ስለሆነ፣ ደረት ላይ በተተከለ ቱቦ ከአነስተኛ ፓምፕ ቀንና ሌሊት ሊፈስ ይገባል። ቢቋረጥ ለሕይወት ያሠጋል፤ ቱቦውም ለደም መመረዝ በር ሊከፍት ይችላል። ዛሬ የሚዋጡ መድኃኒቶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. በአሜሪካ የተፈቀደው ሶታተርሴፕትም በየሦስት ሳምንቱ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ሆኖም በጽኑ ለታመሙት የፓምፑ ጥያቄ ዛሬም አልቀረም።

ሐኪሙ ግፊትን በሚሊ ሜትር ይለካል፤ የሸክምን ክብደት ግን የሚያውቀው ተሸካሚው ነው። ልጆቿን ለማሳደግ ስትል ፓምፑን የምትቀበል እናትና ዕድሜ ጠግበው እምቢ የሚሉ አዛውንት፣ የግፊታቸው መጠን አንድ ቢሆንም ምርጫቸው ሊለያይ ይችላል፤ ሁለቱም አይነቀፉም። ነገር ግን ምርጫ ምርጫ የሚባለው እውነቱ ሲነገርና ሕክምናው በእጅ ሲደርስ ነው። ቤተሰቡ እንዳያዝን ብሎ ሕመሙን የደበቀው ሰው አልመረጠም፤ ተመረጠለት። መድኃኒቱን በድህነት ያጣውም አልመረጠም፤ ተነፈገ። ከዚህ በኋላ ተጠያቂዎቹ እኛ ጤነኞቹ ነን።