ካሜራው ፊት የቆመው ሕፃን

ስለ ረሃብና ስደት የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይሞግተኛል። የዚያ ሕፃን ፊት የማን ነው? የራሱ? የአንሺው? ወይስ የእኛ የተመልካቾቹ?

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለአገሩ ሰው አሳየ። ያየ አዘነ፤ ገንዘብም ተዋጣ። ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ደርግ ግን በመሀሉ የቤተ መንግሥት ድግስ አስገብቶበት ነበር። በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ። እንግሊዝ አገር ምጽዋት የለመነው ፊት አዲስ አበባ ላይ ፍርድ ሰጠ ማለት ነው። ሕፃኑ ግን በሁለቱም ቦታ ዝም እንዳለ ነው።

ታዲያ ባይነሳ ይሻል ነበር? የድሃ ገመና ለምን አደባባይ ይወጣል የሚሉ አሉ። አልስማማም። ያኔ ረሃቡን የሸሸጉት ሹማምንትም ምክንያታቸው የአገር ክብር ነበር፤ ወሎዬው ግን በዚያ ክብር ሥር አለቀ።

የእኔ ሙግት ከዚህ ለየት ይላል። በ1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሳቸውን ልጆች ዓለም በመልክ ያውቃቸዋል። በስምስ? የዘጋቢው ስም ሲነገር የልጁ የማይነገረው ለምንድን ነው? «ስምህ ማነው? የማን ልጅ ነህ?» ብሎ መጠየቅ፣ መቼም፣ ብዙ ፊልም አይፈጅም። እኛም አገር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

ከእነዚያ ልጆች የተረፈ ካለ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ የልጆች አባትም ይሆናል። ምናልባት አንድ ማታ ቴሌቪዥን ከፍቶ ራሱን ሲያይ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ልጁ ምን ብሎ ያስረዳው ይሆን?