ሣጥኑና ትከሻው

ፎቶግራፍ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ምስሉ የተነሣበትን ካሜራ የሚያስታውስ ተመልካች ጥቂት ነው። ካሜራው የተጓዘበትን ሣጥን የሚያስታውስ ደግሞ ከቶ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኪነ ጥበብ ጸሐፊዎች ስለ ብርሃንና ጥላ፣ ስለ አንሺው ዓይንና ስለ ትዕግሥቱ ብዙ ብለዋል፤ ሣጥኑን ለአናጢና ለነጋዴ ትተውታል። ይሁን እንጂ ሣጥን ምሥጢር የማያውቅ ዕቃ አይደለም። ምን እንደተፈራለትና ማን እንዳልታሰበለት በአሠራሩ ይናገራል።

እዚህ ላይ የሚነሣው በኪስ የሚያዘው ሳይሆን ባለ ትልቅ ሰሌዳ የሚባለው ካሜራ ነው። የሚጎርሰው ፊልም ወይም የመስታወት ሰሌዳ ቢያንስ 10 በ12.5 ሴንቲ ሜትር፣ ብዙ ጊዜም 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ፊትና ኋላው በአንጥረኛ ወናፍ አምሳል በተሠራ ተጣጣፊ ቆዳ ወይም ጨርቅ ይያያዛል፤ በስተኋላው ምስሉ ተገልብጦ የሚታይበት ደብዛዛ መስታወት ይገኛል። ወናፉ ከተበሳ ያልተፈለገ ብርሃን ይገባል፤ መስታወቱ ከተሰበረ አንሺው ዓይኑን ያጣል። ስለዚህ ሣጥን ያስፈልገዋል። ከገበያ የሚያገኝ ይገዛል፤ የማያገኝ፣ ወይም ያገኘው የማይስማማው፣ ያሠራል።

ይህ ሣጥን አሠራሩ ዕውቀት ይጠይቃል። ካሜራው የሚያርፍበት ስፖንጅ እጅግ ለስላሳ ከሆነ ዕቃው በገዛ ክብደቱ ሰምጦ ከወለሉ ጋር ይጋጫል፤ እጅግ ጠንካራ ከሆነ የመንገዱን ንዝረት ሳይቀንስ ያስተላልፋል። ሌንሱ ከካሜራው ተነቅሎ በራሱ ጎድጓዳ ስፍራ ይቀመጣል። ደብዛዛው መስታወት በስስ ሰሌዳ ይከደናል። ቆዳ የለበሰ ሣጥን ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን እርጥበት ይይዛል፤ እርጥበትም በሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ኮምፔርሳቶ ርካሽና ጠንካራ ሲሆን ማዕዘኖቹ በብረት ካልታሰሩ በመጀመሪያው ውድቀት ይከፈታሉ። በመርካቶ ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ አሮጌውን በርሜል አዲስ ዕቃ የሚያደርግ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ሊረዳው ይችላል።

እስከዚህ ድረስ የተዘረዘረው ሁሉ ለካሜራው የተደረገ ርኅራኄ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሣጥኑ ተከድኖ፣ ተቆልፎ፣ ከመሬት መነሣት ሲኖርበት ነው። ያን ጊዜ አንድ ትከሻ ከሥሩ ይገባል። ሣጥኑ ካሜራውን ከሰው ይጠብቃል፤ ሰውን ከሣጥኑ ማን ይጠብቀዋል?

ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ዕድሜው ከፎቶግራፍ ጥበብ ዕድሜ ብዙም አያንስም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ትንሹን ምስል አስፍቶ በወረቀት ማተም እንደ ዛሬው የተለመደ አልነበረም። ሰሌዳው በወረቀቱ ላይ ተነባብሮ በፀሐይ ይታተም ስለነበር ትልቅ ፎቶግራፍ የፈለገ ትልቅ ሰሌዳ፣ ትልቅ ሰሌዳ የፈለገም ትልቅ ካሜራ ሊኖረው ግድ ነበር። እርጥብ ኮሎዲዮን የተባለው ዘዴ ደግሞ ሰሌዳው በኬሚካል እንደተነከረ፣ ሳይደርቅ፣ እንዲነሣና እንዲታጠብ ያስገድድ ነበር። ስለዚህ አንሺው ወደ ተራራ ሲወጣ ካሜራውን ብቻ ሳይሆን የጨለማ ድንኳኑን፣ የኬሚካል ጠርሙሶቹን፣ ማጠቢያ ገንዳውን፣ አንዳንዴም ውሃውን ጭምር ይዞ ነበር። ካርልተን ዋትኪንስ በ1861 እ.ኤ.አ. ወደ ዮሰማይት ሸለቆ ሲገባ 46 በ56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው የመስታወት ሰሌዳዎች ይዞ ነበር፤ ጠቅላላው ጓዝ አንድ ቶን ያህል መዝኖ የበቅሎ ጭነት ሆነ። የአሜሪካኑን ምዕራባዊ ተራሮች ያነሣው ዊልያም ሄንሪ ጃክሰንም በበቅሎ ይሄድ ነበር። ከበቅሎዎቹ አንዷ በፎቶግራፍ ማጠቢያ ኬሚካል ስም «ሃይፖ» ተብላ ስትጠራ፣ ስሟ እስከ ዛሬ በታሪክ መጻሕፍት ይገኛል።

የበቅሎዋ ስም መቆየቱ መልካም ነው። ግን ከእርሷ ጎን ሌላ ታሪክ ሲቀመጥ ነገሩ ያሳፍራል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቦርን በ1863 እ.ኤ.አ. ወደ ሂማልያ ተራሮች የመጀመሪያውን ጉዞ ሲያደርግ 30 ያህል ተሸካሚዎች አሰልፎ ነበር፤ በኋለኞቹ ጉዞዎች ቁጥራቸው ከዚያ በለጠ። በ1866 እ.ኤ.አ. ከ5,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በማኒራንግ መተላለፊያ ላይ ያነሣቸው ምስሎች በጊዜው ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ የማይታወቅላቸው ነበሩ። ጥራታቸው ዛሬም ያስደንቃል፤ የበረዶው ሸካራነት በእጅ የሚዳሰስ ይመስላል። ቦርን ስለ ጉዞው በአንድ የፎቶግራፍ መጽሔት ረጅም ጽሑፍ ሲያወጣ፣ ሸክማቸውን በመንገድ ጥለው የሸሹትን ሰዎች ዱላ ይዞ ፈልጎ እንዳገኛቸውና ዱላውን እንዳቀመሳቸው ያለ አንዳች ሐፍረት ተርኳል። ሰዎቹ ለምን ሸሹ ብሎ ግን አብዝቶ አልተጨነቀም። በብርድና በቀጭን አየር መስታወት የሞላበትን ሣጥን ተሸክሞ ገደል መውጣት ምን እንደሚመስል በጽሑፉ ውስጥ የሚናገር ተሸካሚ የለም። ስማቸውም የለም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በቦርን ጉዞ ላይ ምሳሌያዊ አነጋገሩ ተገልብጦ ተገኘ፤ ሸክሙ የብዙ ሰው፣ ጌጡ የአንድ ሰው ሆነ።

በዚህ ላይ መቃወሚያ የሚያነሣ አይጠፋም። «ተሸካሚው ደመወዙን ተቀብሏል፤ ሥራ ባያገኝ ይራብ ነበር፤ ደግሞስ ሣጥኑ ባይሸከሙት ኖሮ ዓለም ይህን ምስል ከየት ያገኘው ነበር?» ይላል። መቃወሚያው በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ምስሉ ባይኖር ይሻል ነበር የሚል ፍርድ የተሸካሚውንም ድካም ከንቱ ያደርገዋል። ነገር ግን ደመወዝ መክፈል አንድ ነገር ነው፤ ሣጥኑ ሲሠራ የሰው ጀርባ ቅርጽ ከግምት መግባቱ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በኪስ፣ ሁለተኛው በአናጢው ጠረጴዛ ላይ ይወሰናል። ለመስታወቱ ሱፍ ያነጠፈ እጅ ለትከሻው አንድ ሰፊ ጠፍር ለመጨመር የሚያግደው የገንዘብ እጥረት አይደለም፤ ትከሻውን አለማየቱ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ከሆነ በተቻለ ፍጥነት ወደዚያ መጠን እንዲወርድ ይጠይቃል። ይህን ለማለት ምን ያህል ዘመን እንደፈጀ ማስተዋል ይገባል።

ለተሸካሚ የሚያስብ ዕቃ መያዣ የት ይገኛል የተባለ እንደሆነ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ማኅደር አለ። ስሙ ራሱ ማደሪያ ማለት ነው። ማኅደር ለአንድ መጽሐፍ ልክ ተሰፍቶ፣ በጠፍር ተንጠልጥሎ፣ ከትከሻ ላይ ወርዶ በጎን የሚያርፍ ነው፤ ባለመጽሐፉ እጆቹ ነጻ ሆነው ዘንግ ይዞ ዳገት ይወጣል። ሲደርስ በዚያው ጠፍር ከግድግዳ ይሰቀላል። ሠሪው የለካው ሁለት ነገር ነው፤ መጽሐፉንና ተጓዡን። በርግጥ ማኅደር ሁሉ ቀላል ነበር ማለት አይደለም፤ ግዙፍ ወንጌል የተሸከመ ዲያቆን ወገቡን ሳይዝ አይቀርም። ቢሆንም መጽሐፉን የሚያነበው ሰውና የሚሸከመው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ስለነበሩ የመያዣው ቅርጽ ከሰውነት ጋር ተስማማ።

ካሜራውና ማኅደሩ በአንድ መንገድ ላይ የተገናኙበት ጊዜም ነበር። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች ከነመሣሪያቸው አብረው ነበሩ። ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች መድፎቹንና ከባዱን ጓዝ ሲሸከሙ የቀረው በበቅሎና በሌላ አጋሰስ ጀርባ ሄደ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ እጃቸው ከሞቱ በኋላ አምባው ተዘረፈ፤ ዘረፋውን ለማውረድ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ይነገራል። በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ከዘረፋው መካከል ነበሩ። ማኅደር ከዝናብና ከአቧራ ያድናል እንጂ ከወራሪ አያድንም፤ እንዲያውም ለመሸከም ተመችቶ የተሠራ ነገር ለዘራፊም ይመቸዋል። በወቅቱ የተነሡት ፎቶግራፎች አምባውን፣ መኮንኖቹንና የተፈቱትን እስረኞች ያሳያሉ። ያን ሁሉ ጭነት በዳገት ያወጡትና በቁልቁለት ያወረዱት ጫኞች ግን የምስሉ ዓላማ አልነበሩም።

ሸክሙ በባለቤቱ ላይ የወደቀ ዕለት ነገሩ ይለወጣል። የደቡብ ዋልታ ተጓዡ የኧርነስት ሻክልተን መርከብ በ1915 እ.ኤ.አ. በበረዶ ተጨፍልቃ ስትሰጥም ፎቶግራፍ አንሺው ፍራንክ ኸርሊ ወደ ቀዘቀዘው ውሃ ገብቶ በቆርቆሮ ሣጥን የታሸጉትን የመስታወት ሰሌዳዎች አወጣ። ሣጥኖቹ ውሃ አላስገቡም፤ አሠራራቸው ግሩም ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ ጉዞው በበረዶ ላይ፣ ጓዝ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነበር። ኸርሊና ሻክልተን በረዶው ላይ ተቀምጠው ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ መረመሩ፤ 120 ያህል አስቀሩ፤ 400 ያህሉን ሰበሩ። የሰበሩት በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠው ተመልሰው እንዳያነሡ ነው። ለአንድ አንሺ ከዚህ የከበደ ፍርድ አይታሰብም። ግን እያንዳንዱ ሰሌዳ በባልደረባ ጉልበት ላይ ምን እንደሚጨምር በዓይኑ የሚያይ ሰው የፈረደው ፍርድ ነው። አንሰል አዳምስም በ1927 እ.ኤ.አ. ዮሰማይት ውስጥ ታዋቂውን የገደል ምስል ያነሣው በራሱ ጀርባ ከተሸከማቸው 12 ሰሌዳዎች በመጨረሻው ነበር። 100 ሰሌዳ የሚሸከምለት ሰው ቢኖረው ኖሮ ምስሉ የተሻለ ይሆን ነበር ብሎ የሚምል ማን ነው?

እርግጥ ነው፣ ሸክሙን ያቀለለው የሕሊና መታረም ብቻ አይደለም። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ደረቅ ሰሌዳ ተፈልስፎ ኋላም በፋብሪካ መሠራት ሲጀምር ጨለማው ድንኳን ከጓዙ ወጣ፤ ይህ ከብዙ ስብከት የበለጠ ትከሻ አሳርፏል። ማጉያውም ሲሻሻል ትንሽ ካሜራ ትልቅ ምስል ሰጠ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ግዙፉን ካሜራ የሚመርጥ ሰው ክብደቱን የሚመርጠው ተገዶ ሳይሆን ወዶ ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱ ከቦርን ዘመን ይልቅ ጠነከረ እንጂ አልላላም።

ዛሬ ተሸካሚው ከዓይን ርቋል። የአውሮፕላን ማረፊያው ጓዝ ጫኝ ነው፤ የመኪናው ረዳት ነው፤ ጥበቡን ለመማር ከአንሺው ጋር የሚዞረው ወጣት ነው። በብዙ አየር መንገዶች አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ የሚከለከለው ለአውሮፕላኑ ሳይሆን ለጫኙ ወገብ ሲባል ነው። ጎማ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ትልቅ እፎይታ አምጥቷል፤ ደረጃ ሲደርስ ግን ጎማው ራሱ ሸክም ይሆናል። ካሜራ ለብቻው፣ መያዣዎቹና መቆሚያው ለብቻቸው በሁለት ሣጥን ቢከፈሉ፣ ከባዱ ዕቃ ከጀርባ ተጠግቶ ቢቀመጥ፣ እጀታው በአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን በሁለቱም በኩል ቢደረግ፣ ክብደቱም በክዳኑ ላይ በግልጽ ቢጻፍ የሚጠፋው ጊዜ የአንድ ቀን ነው። በመርከብ ለሚጫን 1,000 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ለሚመዝን ጭነት ክብደቱ በላዩ እንዲጻፍ በ1929 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ስምምነት ወጥቷል። 40 ኪሎ ግራም በራሱ ላይ ለሚያነሣ ሰው ግን አሁንም የሚነግረው አንገቱ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ በ1855 እ.ኤ.አ. ሮጀር ፌንተን ወደ ክራይሚያ ጦርነት 5 ካሜራ፣ 700 የመስታወት ሰሌዳና 36 ትልልቅ ሣጥኖች ይዞ ሄዷል። ጓዙን የሚጎትተው የወይን ጠጅ ነጋዴ የነበረ፣ ወደ ጨለማ ክፍል የተለወጠ ጋሪ ነበር። ሩቅ ሆኖ ስለሚታይ የመድፍ ዒላማ ሆኗል። የመድፍ ጥይት ወደሚወድቅበት ሸለቆ ሊወርዱ ሲሉ ረዳቱ ማርከስ ስፓርሊንግ፣ ጋሪው ከዚያ ላይመለስ ስለሚችል አስቀድሞ ፎቶግራፍ ቢነሣ ይሻላል ሲል ሐሳብ አቀረበ። ፌንተንም አነሣ። ስፓርሊንግ የጠየቀው ለጋሪው ነበር፤ በምስሉ ላይ ግን ራሱ በነጂው ስፍራ ተቀምጦ ይታያል፤ ስሙም ከነሥራው ተመዝግቧል። ሣጥኖቹ ከኋላው፣ በጋሪው ውስጥ ናቸው፤ አይታዩም።