ለጥናት መጠይቅ መልስ መስጠት፦ ግዴታ ወይስ ፈቃድ?

የጤና ባለሙያ ለጥናት መጠይቅ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ በሕክምና ሥነ ምግባር መጻሕፍት ውስጥ ብዙም ቦታ አላገኘም። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ በዋናነት የሚጠብቀው ጤናው የሚጠናበትን ሰው ነው፤ ሐኪሙ የታሰበው አጥኚ ሆኖ እንጂ ተጠያቂ ሆኖ አይደለም። ሆኖም ስለ ሕክምና አገልግሎት ከሚታወቀው ብዙው የተገኘው አገልግሎቱን የሚሰጠውን ሰው በመጠየቅ ነው።

በእንግሊዝ አገር የቤተሰብ ሐኪሞችን የሚያጠኑ ሰዎች ችግራቸው ዝምታ ነው። ሐኪሙ ሥራ ይበዛበታል፣ የሚያዘው አለቃም የለውምና ፖስታውን ሳይከፍት ይተወዋል። መጠይቁን ማሳጠርና ጥቂት ገንዘብ መጨመር እንደሚረዳ ታይቷል። ገንዘቡ አስቀድሞ ሲላክ ደግሞ፣ ኋላ እንከፍላለን ከማለት ይልቅ ብዙ መልስ ያመጣል። ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ስለሆነ የቤተሰብ ሐኪም ገና ጥቂት ነው። ከድሬዳዋ ከተማ ውጭ ካሉት የገጠር አካባቢዎች አንዱ በሆነው በዋሂል፣ ቦታውን የሚሸፍኑት ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። የኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶች በየቀበሌው እንዲመደቡ ነበር።

እንዲህ ባለ ቦታ አጥኚ የሚመጣው ክብ ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ነው። ደብዳቤው በየደረጃው ተመርቶ ጤና ኬላ ሲደርስ ትእዛዝ ይመስላል። እናቶች ልጅ አዝለው ክትባት በሚጠብቁበት ጠዋት ሠራተኛዋ ደብዳቤውን ታነባለች፤ ቀጥሎ ተሳትፎው በፈቃደኝነት ብቻ እንደሆነ የሚገልጸው ቅጽ ይነበብላታል። ከሁለቱ ወረቀቶች የትኛውን እንደምታምን ግልጽ ነው። ባለፉት ሦስት ወራት መድኃኒት አልቆ ያውቅ እንደሆነ ስትጠየቅ፣ የመድኃኒት ክምችት የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ሌላ ቢናገርም፣ አልቆ አያውቅም ልትል ትችላለች። መልሷ ለጥናት ሳይሆን ለቁጥጥር የሚውል ይመስላታልና። የመላሾች ድርሻ ከእንግሊዙ ይበልጥ ይሆናል፤ እውነቱ ግን ላይበልጥ ይችላል።

የገጠሩ ነዋሪ በብዛት ሙስሊም በሆነበት በዚህ አካባቢ የሚታወቀው የፈርድ ኪፋያ ሐሳብ ጥያቄውን ለመፍታት ይረዳል። ፈርድ ኪፋያ እንደ ጀናዛ ሶላት ያለ የጋራ ግዴታ ነው፤ በቂ ሰው ከፈጸመው ከሌላው ይወርዳል፣ ማንም ካልፈጸመው ሁሉም ይጠየቅበታል። በ1111 እ.ኤ.አ. የሞተው ኢማም አል ገዛሊ ሕክምናን ከዚህ ወገን መድቦ፣ ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ትምህርት ሲጎርፍ ሙስሊም ሐኪም የጠፋባቸው ከተሞች መኖራቸውን ወቅሷል። ሕክምናው የጋራ ግዴታ ከሆነ፣ ሕክምናውን የሚያሻሽለው እውቀትም ከዚያ አይርቅም።

እዚህ ላይ ግን አንድ እንቅፋት አለ። በዕጣ የተመረጠችን ባለሙያ ሌላዋ አትተካትም። ለመመለስ ፈቃደኛ የሆኑት ብዙ ጊዜ ሥራቸው የተቃናላቸው ናቸው፤ በእነሱ መልስ ብቻ የተሠራ ጥናት መድኃኒት የጠፋበትን፣ መንገድ የተቋረጠበትን ጤና ኬላ አያሳይም። ስለዚህ የጋራ የነበረው ግዴታ፣ ዕጣው ሲወጣ፣ ወደ ግል ግዴታ ይጠጋል።

ይህ ማለት ግን ትገደድ ማለት አይደለም። በእስልምና ሥራ የሚመዘነው በኒያው፣ ማለትም በልብ ሐሳቡ ነው፤ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ምጽዋት ሲጽፍ በግድ የሚሰጠውን አልወደደም። ግዴታን አውቆ መፈጸምና በደብዳቤ ተገዶ መፈጸም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው ሥነ ምግባሩንም ጥናቱንም ያበላሻል።

ከአጥኚው የሚጠበቀው ከዚህ ይከተላል። ደብዳቤው መግቢያ እንጂ ማዘዣ አለመሆኑን በአፏ መፍቻ ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ፣ ሊነግራት ይገባል። በክትባት ቀን አይመጣም፤ የጤና ኬላውን ስም ለአለቃዋ አያሳይም። መልሱ በእጁ ያለ አማና (አደራ) ነውና ውጤቱን ወደ ሰጪዋ መመለስ አለበት። ዛሬ ብዙው ጥናት የሚያልቀው በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ወይም በውጭ መጽሔት ላይ ነው። ካለፈው ጥናት ግማሽ ገጽ ውጤት እንኳ ላልደረሳት ባለሙያ ሌላ መጠይቅ ይዞ መሄድ ተገቢ አይደለም፤ እምቢ ብትልም ጥፋቱ የእሷ አይሆንም።