ንስሐ ከአስፋልቱ ላይ ይጀምራል

ወዳጄ ሆይ፣ አመሻሽ ላይ በሐዋሳ መንገድ ሞተር ስትነዳ አንድ እግረኛ ገጭተሃል እንበል። ሰውየው ወድቋል፤ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሞተርህ ግን አልተበላሸም። «ልሂድና በኋላ እግዚአብሔርን ይቅርታ እጠይቃለሁ» የሚል ሐሳብ ቢመጣብህ ምን ታደርጋለህ?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለው ሳምራዊ ቁስሉን ያሰረለት እርሱ ያላቆሰለውን ሰው ነበር። ያላቆሰለው እንዲህ ከራራ፣ ያቆሰለማ እንዴት ጥሎ ይሄዳል? የሳምራዊው ምሕረት ነው፤ ያንተ ግን ዕዳ ነው።

ስለዚህ ሞተርህን አጥፋ። ሌላ መኪና እንዳይደርብበት የሚመጡትን አስቁም። ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ደውል። አንገቱ ወይም አከርካሪው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል አታንሣው፤ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ተጭነህ ያዝ። ጸልይ፤ እጅህ ግን ከቁስሉ ላይ አይነሣ። የሚሰበሰበው ሰው ቁጣ ለሕይወትህ ካሰጋህም መሄጃህ ቤትህ ሳይሆን ቅርብ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ይሁን።

ከባዱ ፈተና ትራፊክ ፖሊስ ሲጠይቅህ ነው። ሰውየው ራሱን ስቶ ከሆነ «ዘሎ ገባብኝ» ብትል የሚያስተባብልህ የለም። በፍጥነት ስትነዳ ከነበረ ግን ያንኑ ተናገር። እውነቱ መንጃ ፈቃድህን፣ ምናልባትም ነጻነትህን ያስከፍልህ ይሆናል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታ መባ ይዞ የመጣውን ሰው እንኳ አስቀድሞ ሄዶ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ አዝዞታል። ወንድምህን አስፋልት ላይ ጥለህ ወደ የትኛው መሠዊያ ትሄዳለህ?