ዐዲስ ሠራተኛና መካሪው

ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በከፋ ደን መካከል የምትገኘው ቦንጋ፥ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ከሌላ አገር ተመድቦ የሚመጣ ሠራተኛ ትቀበላለች። ከእነዚህም መካከል በከተማው አንድ ዘመድ የሌለው ወጣት አይታጣም።

ይህ ወጣት በመጀመሪያው ወር የሚፈራው ሥራውን ሳይሆን ሰውን ነው። አላዋቂ እንዳይባል ሳይጠይቅ ይቀራል፤ ባለመጠየቁም ይሳሳታል፤ ስሕተቱን ሸሽጎ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ዐዲስ ተቀጣሪ የሚፈተንበት ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚህ አጭር ጊዜ የሚመዘን ሰው የሚያስተምረው ካላገኘ በምን ይመዘናል?

በከፋ ልጅ ቀዩን የቡና ፍሬ ከአረንጓዴው ለይቶ መልቀምን፥ በአልጋ ላይ አስጥቶ ማገላበጥንም የሚማረው ከታላቁ አጠገብ ቆሞ ነው። በቅኔ ቤትም አስነጋሪው ታናሹን ይረዳዋል እንጂ ባዶውን ወደ የኔታ አይሰደውም። የቢሮ ሰው ግን (ድፍረታችንን ይቅር በሉን) ወንበርና ጠረጴዛ አሳይቶ መሄድ ማስተማር ይመስለዋል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈ፥ አቂላና ጵርስቅላ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ፤ ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከእነርሱ ጋር በዚሁ ሙያ ሠርቷል። በኋላ በኤፌሶን አጵሎስ በምኵራብ ሲያስተምር ትምህርቱ እንደ ጐደለ ተረዱ፤ ነገር ግን በሕዝብ ፊት አላቋረጡትም፤ ወደ እነርሱ ወስደው አስረዱት። እርሱም ልቡ ሳይሰበር ወደ አካይያ ለመሻገር ተነሣ፤ ወንድሞችም እንዲቀበሉት ደብዳቤ ጻፉለት። በጉባኤ መካከል አሳፍረውት ቢሆን ኖሮ ይህን መንገድ ይሄድ ነበርን?

ታናሹን ሻይ የሚያስመጣ፥ የራሱንም ሥራ የሚያሸክመው ታላቅ ግን መካሪ አይባልም፤ ይህ ሎሌ ማሳደር ነው። መካሪውም ቢሆን ሰው ነውና ይደክማል። ዮቶር ሙሴን ብቻውን ከጧት እስከ ማታ ሲፈርድ ባየው ጊዜ ሸክሙን እንዲያካፍል የመከረው ስለዚህ ነው። ሥራውን ሳያቃልልለት አምስት ዐዲስ ሠራተኞች በአንድ አንጋፋ ላይ የሚጭን አለቃ ስድስቱንም ይጐዳል።

እናንተም አባቶች ካህናት፥ የንስሓ ልጃችሁ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ሲመጣ፥ ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ ከጠየቃችሁት በኋላ በመሥሪያ ቤቱ ምሳውን ከማን ጋር እንደሚበላ ደግሞ ጠይቁት።