ስለ ጥድ አጥርና ስለ ተግሣጽ

ተግሣጽ መቼ ፍቅር፣ መቼስ ቁጣ ይሆናል? እንደ ራቤል ባለ ደጋ ለአጥር የሚተከለው የፈረንጅ ጥድ በየጊዜው ጫፍ ጫፉ ሲከረከም ጎኑ ይደነድናል። ለዓመታት ከተተወ ግን ውስጡ ብርሃን አጥቶ ይራቆታል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ተቆጥቶ እስከ ደረቀው እንጨት ቢቆርጠው፣ ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥምና ክፍተቱ አይሞላም።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ወጣቱን ለዓመታት ዝም ብሎ በአንድ ሰንበት በጉባኤ ፊት የሚያዋርድ መምህር የገዛ ቸልታውን በወጣቱ ላይ ይቀጣል እንላለን። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ሲያስተምር፣ ለፍሬ ተብሎ የሚጠራው ሕይወት ያለው ቅርንጫፍ ነው። የተተወውም አጥር ቢሆን ልምላሜው እስካለበት ብቻ፣ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይከረከማል። ወጣቱም ለብቻው ይጠራ፤ ንግግሩም ገና ካልደረቀበት መልካም ነገር ይጀመር።